የሰደፉ አንገት

በጥር 2011 ዓ.ም. አጎቴን ልጠይቅ ወደ ጎጃም በሄድኩበት ጊዜ ያላሰብኩት ውርስ ጠበቀኝ። አጎቴ ወንድ ልጅ የላቸውም። የአያቴን ጠመንጃ ከምሰሶው ላይ አወረዱና ማጉረሻውን ከፍተው ባዶ መሆኑን መጀመሪያ በዓይናቸው፣ ቀጥሎ በትንሿ ጣታቸው አረጋገጡ።

«እስቲ ያዥው። ልክሽ ከሆነ ያንቺ ነው» አሉኝ።

እኔ በእጄ ከብዕር የከበደ ነገር ያልለመድኩ የከተማ ልጅ ነኝ። ጠመንጃም እንደ ጫማ ልክ እንዳለው የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ልኩ የሚታወቀው ከሰደፉ ፊት ቀጠን ብሎ መዳፍ በሚጨብጠው ቦታ ነው። አጎቴ «አንገቱ» ይሉታል።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ጨብጪው» አሉ። «ሦስቱ ጣቶችሽ እንጨቱን ይያዙ፤ አመልካች ጣትሽ ነፃ ይሁን። አሁን ግለጪ። የጣትሽ ፊተኛ ሥጋ ቃታው ላይ ካረፈ፣ ክንድሽና መዳፍሽም ካልተጣመሙ ልክሽ ነው። ጫፉ ብቻ ከደረሰ አንገቱ ወፍሮብሻል፤ ጣትሽ እስከ መገጣጠሚያው ከገባ ቀጥኖብሻል። በሁለቱም ቃታ ስትስቢ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሸሻል።»

የእኔ የጣቴ ጫፍ ብቻ ደረሰ።

ጠመንጃ ሠሪዎች ስንዝር ለማትሞላው ለዚህች ቦታ ብዙ ተጨንቀዋል። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው፣ ስሙንም ከፈረንሳዊው መኮንን ከባዚል ግራ ያገኘው ውጅግራ፣ አንገቱ እንደ ዱላ ቀጥ ያለ ነው። አጎቴ በደፈናው «ምንሽር» የሚሉት የአያቴ ማውዘር ግን ከቃታው በስተኋላ ጎበጥ ብሎ ለመዳፍ ማረፊያ ይሰጣል። ክላሽንኮቭ ደግሞ እጀታውን ከሰደፉ ለይቶ በአንድ ብሎን ወደ ታች አንጠልጥሎታል፤ ያልተስማማው ፈትቶ ሌላ ይገጥማል። የውድድር ተኳሾችማ እጀታውን በመዳፋቸው ቅርፅ ያስቀርጻሉ። የእኛው ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የማንንም እጅ አላየም።

«ግድ የለም፤ አናጢው ጠርቦ ያቀጥነዋል» አሉ አጎቴ።

እንጨቱን ቀረብ አድርጌ አየሁት። አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ሟሙቶ እንደ ሳንቲም ጎድጉዷል። አያቴ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በአርበኝነት ይዘውት የዞሩት ነው። እርሳቸውን አልደረስኩባቸውም፤ ፎቶግራፍም የላቸውም። የእጃቸው ልክ የቀረው እዚያች ጎድጓዳ ላይ ብቻ ነው። ያንን ነው የምናስጠርበው?

«እስቲ እርስዎ ይያዙልኝ» አልኳቸው።

ያዙት። ጣቶቻቸው እንጨቱን ከበው ሊዘጉ አልቻሉም፤ መገጣጠሚያዎቻቸው አብጠዋል። ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ሊሸፍኑብኝ ሞከሩ። ውርሱ ለምን እንደተቻኮለ የገባኝ ያኔ ነው። ከብቶቹን ከጅብና ከሌባ የሚጠብቁበት መሣሪያ ከእጃቸው እየወጣ ነበር።

እንግዲህ አንዱ አንገት ለእኔ ወፍሯል፤ ለእርሳቸው ቀጥኗል። ያልታዘዘ እጅ ወፈር ያለ ነገር ይቀለዋል፤ የአጎቴ ጣትም ረጅም ስለሆነ ቢወፍርም ቃታው ጋ ይደርሳል። እርጥብ ጠፍር እንዲመጣ ጠየቅኩ። ጎድጓዳዋን ሳንነካ ከበስተኋላዋ ጠቀለልንበት። ሲደርቅ ጠበቀ። በማግስቱ አጎቴ ጨበጡት፤ ምንም አላሉም፤ ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

«ያንቺ ቀን ሲመጣ ትፈቺዋለሽ» አሉኝ ስሰናበታቸው።

ጠመንጃ በቃል ብቻ አይወረስም። በተከታዩ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። ከፈቃዱ በፊት ግን የራሴን ልብ መጠየቅ አለብኝ፤ መልሱን እስካሁን አላገኘሁም። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፦ የተጠቀለለ ይፈታል፤ የተጠረበ አይመለስም።