ወገቤን ያዘኝ

እዚህ ወድ ኤል ሒለው ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ሰሊጥ አጨዳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማጎንበስ ነው። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ የዳንኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ጀሪካን ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ። ሕመሙ ከዳሌዬ ተነስቶ በባቴ በኩል እስከ እግሬ ጣት ወረደ።

ጎረቤቶች «መምህር፣ እንዳይነቃነቁ» አሉኝ። 15 ቀን አንገረብ ላይ ተኛሁ፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። በኋላ ያየኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ከተኛሁበት ማስነሳት ነው።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ፤ ውጭው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። «ዲስኩ ተንሸራተተ» እንላለን እንጂ ዲስኩ ከቦታው አይሄድም። ውጭው ሲሰነጠቅ ውስጡ ይወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይነካል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። ብዙ መተኛት ግን ጡንቻን ያደክማል። ስለዚህ አጭር አጭር መንገድ፣ በቀን ደጋግሜ እንድሄድ አዘዘኝ። ጀሪካኑንም ግማሽ እየሞላሁ፣ ወደ ሆዴ አስጠግቼ ማንሳት ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ መመላለስ ያሰለቻል፣ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 (እንደ ፈረንጆች) ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም እንቅስቃሴን ይመክራል።

ይህን ሁሉ ተምሬ ግን አንድ ስህተት ሠራሁ። አንድ ተማሪዬ ለወራት ጀርባዬን አመመኝ ሲል «ተነስ፣ ተንቀሳቀስ» አልኩት። ሥራ የጠላ መስሎኝ ነበር እኮ! ልጁ ማታ ማታ ያልበዋል፣ ከስቷል፤ ሳል ግን አልነበረውም። ሲመረመር የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ በሽታ አጥንቱን እየበላ ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ሊያሰንፍ ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱ ግን ወራት ይፈጃል፣ አይቋረጥም።

ስለዚህ የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክሳት ጋር ከመጣ ክሊኒክ ሂዱ። ሽንት ከከለከለ ወይም ካመለጠ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ እግር ከሰነፈ ደግሞ ለነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ሂዱ።

ልጁ መድኃኒቱን ጀምሯል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ደብተሩንም ማታ ማታ ቤቱ ድረስ እየሄድኩ አርምለታለሁ።