በቤድፎርድ ወኅኒ ደጃፍ

ከለንደን በስተ ሰሜን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኡዝ በሚባለው ወንዝ ዳርና ዳር የተቀመጠች ቤድፎርድ የምትባል ከተማ አለች። ከለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በባቡር የተነሣ ሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርስባታል። ክርስቲያኖችን ከሩቅ አገር ወደዚህች ከተማ የሚጠራቸው ቤተ መንግሥት ወይም ታላቅ ካቴድራል አይደለም። የአንድ ዕቃ ጠጋኝ ስም ነው፤ ጆን ቡንያን።

ክርስቲያን የሚባለው መንገደኛ ሸክሙን በጀርባው አዝሎ ከጥፋት ከተማ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ሲጓዝ የሚተርከውን መጽሐፍ ያላነበበ፣ ባያነብም በስብከት ሲጠቀስ ያልሰማ አማኝ ጥቂት ነው። ወደ አማርኛም ከተተረጎመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለ ጸሐፊው ሲነሣ ዘወትር የምንሰማው በእስር ያሳለፈውን 12 ዓመት ነው። ቤድፎርድን በእግሩ የሚዞር ሰው ግን ሌላም ነገር ያስተውላል። ከዚያ መጽሐፍ በስተ ጀርባ ሴቶችና ልጆች አሉ።

ኤልስቶው፣ የደወሉ መንደር

ጉዞውን ከከተማዋ በስተ ደቡብ ጥቂት ከምትርቀው ከኤልስቶው መንደር መጀመር መልካም ነው። ቡንያን በ1628 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወለደው በዚህ አጥቢያ ነው። በሕፃንነቱ የተጠመቀበት የድንጋይ ማጥመቂያ ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይታያል። የደወሉ ግንብ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነጥሎ ለብቻው ቆሟል። ወጣቱ ቡንያን ደወል መደወል እጅግ ይወድ ነበር፤ ኋላ ግን ኅሊናው እየወቀሰው ተወው። በሰንበት ይጫወትበት የነበረው የመንደሩ ሣር ሜዳም እዚያው አለ።

አባቱ ድስትና ምጣድ እየጠገነ የሚኖር ድሃ ነበር። በ1644 ገና 15 ዓመቱ ሳለ እናቱ ሞተች፤ እኅቱም በወሩ ተከተለቻት። ያን ጊዜ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ትታመስ ነበር። በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊና በፓርላማው መካከል በ1642 በተጀመረው በዚህ ጦርነት፣ የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ ይፈጸም ይሉ የነበሩት ፒዩሪታኖች አብዛኞቹ ከፓርላማው ጋር ተሰለፉ። ቡንያንም በ1644 በፓርላማው ሠራዊት ወታደር ሆነ። ንጉሡ በ1649 በሞት ተቀጣ።

ቡንያን ከሠራዊቱ ተመልሶ ሲያገባ፣ በሁለቱ ሙሽሮች ቤት ሳሕንና ማንኪያ እንኳ እንዳልነበረ ራሱ ተርኳል። ሚስቱ ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችው ሀብት የአርተር ዴንትና የሉዊስ ቤይሊ ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። አብረው አነበቧቸው። የዚህች ሴት ስም ተመዝግቦ አልቆየልንም፤ ይዛቸው የመጣችው መጻሕፍት ስም ግን ቆይቷል።

ፀሐይ ይሞቁ የነበሩ ሴቶች

አንድ ቀን ቡንያን ለሥራው ወደ ቤድፎርድ ገብቶ ሳለ፣ ሦስት ወይም አራት ድሆች ሴቶች በደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ ስለ አዲስ ልደት ሲነጋገሩ ሰማ። እርሱም ስለ ሃይማኖት ማውራት የሚወድ ሰው ነበርና ቀረብ ብሎ አደመጠ። ንግግራቸው ግን እርሱ ከማያውቀው ደስታ የሚፈልቅ ሆነበት። ሴቶቹ የጆን ጊፎርድ ጉባኤ አባላት ነበሩ። ጊፎርድ በጦርነቱ ጊዜ ከንጉሡ ወገን ሆኖ የተዋጋ መኮንን ነበር፤ ኋላ ጌታን አግኝቶ መጋቢ ሆነ። እነሆ፣ በጦር ሜዳ በሁለት ወገን የተሰለፉ ሰዎች በአንድ ጉባኤ ወንድማማች ሆኑ። የዚህም መንገድ የተከፈተው በሴቶች የደጃፍ ጨዋታ ነው።

ኤልሳቤጥ በዳኞች ፊት

የመጀመሪያዋ ሚስቱ በ1658 አራት ልጆች ትታ ሞተች። ታላቂቱ ሜሪ ዓይነ ስውር ነበረች። በተከታዩ ዓመት ቡንያን ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት አገባ። በ1660 ንጉሣዊው አገዛዝ ሲመለስ፣ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚሰበሰቡ ጉባኤያት ይሳደዱ ጀመር። ቡንያን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በአንድ የገጠር ስብሰባ ላይ ሊሰብክ ሲል ተያዘ። ነፍሰ ጡር የነበረችው ኤልሳቤጥ ከድንጋጤው የተነሣ ያለ ጊዜዋ ምጥ ያዛት፤ የወለደችውም ልጅ ሞተባት።

በወንዙ ድልድይ አጠገብ ዛሬ ስዋን የሚባል ሆቴል አለ። ሕንፃው ኋላ የተሠራ ነው፤ ስሙ ግን የጥንቱ የእንግዳ ማረፊያ ስም ነው። በ1661 ነሐሴ ኤልሳቤጥ ባሏን ለማስፈታት በዚያ በተቀመጡት ዳኞች ፊት ብቻዋን ቆመች። መስበኩን ይተው እንደ ሆነ ሲጠይቋት፣ መናገር እስከ ቻለ ድረስ እንደማይተው ነገረቻቸው። ማቲው ሄል የተባለው ዳኛ ራራላት፤ ሊያስፈታው ግን አልቻለም። እያለቀሰች ወጣች። ያለቀሰችው ግን እነርሱ ስለ ጨከኑባት ብቻ አልነበረም፤ ጌታ ሲመጣ ስለሚሰጡት መልስ አዝናላቸው ጭምር ነው። ስንት የወንጌል አገልጋይ ሚስት በዚህ ዓይነት ደጃፍ ቆማለች!

የወኅኒ ቤቱ ሕንፃ በ1801 ፈርሷል፤ በሃይ ስትሪትና በሲልቨር ስትሪት ማዕዘን መንገደኛው የሚረግጠው ምልክት ብቻ ቀርቷል። በዚያ ዘመን እስረኛ የሚኖረው ቤተ ሰቡ በሚያመጣለት ስንቅ ነበር። በሚል ስትሪት ባለው የቡንያን ሙዚየም ውስጥ፣ ዓይነ ስውሯ ሜሪ ለአባቷ ሾርባ ታመላልስበት ነበር የሚባል ማሰሮ ተቀምጧል። ቡንያንም በእስር ቤት ጫፋቸው በብረት የተያዘ የማሰሪያ ክሮችን እየሠራ ለልጆቹ ዳቦ መግዣ ይልክ ነበር። ከእስራቱ ይልቅ የከበደው ከሚስቱና ከልጆቹ፣ ይልቁንም ከሜሪ መለየቱ እንደ ነበር ጽፏል።

በምድር ዓይን ሲታይ ፒዩሪታኖቹ ተሸንፈው ነበር። ነገር ግን ቡንያን በ1666 የሕይወት ምስክርነቱን ከወኅኒ አወጣ። በተከታዩ ዓመት ዓይነ ስውሩ ጆን ሚልተን፣ ሌሎች እየጻፉለት በቃሉ የተናገረውን ስለ አዳምና ሔዋን ውድቀት የሚተርክ ታላቅ ግጥም አሳተመ። ሰይፋቸው ከወደቀ በኋላ ብዕራቸው ተነሣ።

ሁለተኛው ጉዞ

ቡንያን በ1672 ሲፈታ ጉባኤው መጋቢ አድርጎ መርጦት ነበር። ለመሰብሰቢያ የገዙት የእህል ጎተራ በነበረበት በሚል ስትሪት ዛሬም የቡንያን ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ የነሐስ በሮቹ ላይ የመጽሐፉ ታሪክ ተቀርጿል።

ታዋቂው መጽሐፍ በ1678 ወጣ። በዚያ ውስጥ ክርስቲያን ሚስቱና ልጆቹ እየጠሩት ጆሮውን ይዞ ብቻውን ይሮጣል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ቡንያን ግን በቤቱ ዓመታት ከኖረ በኋላ በ1684 ሁለተኛ ክፍል ጻፈለት። በዚህኛው ሚስቱ ክርስቲያና አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ምሕረት የተባለች ወጣት ተከትላት፣ በዚያው መንገድ ትሄዳለች። ጉዞው የቤተ ሰብ ነውና ፍጥነቱ የልጆችና የደካሞች ነው። ታላቅ ልብ የሚባል መሪ ይሰጣቸዋል፤ የሚደክመው ያርፋል፤ የሚያነክሰውም አይተውም። ይህን ሁለተኛ ክፍል ያነበቡት ከመጀመሪያው አንባቢዎች ያነሱ ናቸው።

በአገልግሎት ያላችሁ ወንድሞች ሆይ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አንብባችሁ አትቁሙ። በመድረክ ስማችሁ ሲጠራ ማሰሮውን የምታመላልስ ልጅ በቤታችሁ እንዳለች አስቡ። እናንተም እኅቶች፣ ስማችሁ ባይመዘገብም ይዛችሁ የመጣችሁት ቃል፣ በደጃፋችሁ የምትጨዋወቱት ምስክርነት፣ የምታነቡት እንባ በጌታ ዘንድ አይጠፋም። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ የክርስቲያናን ጉዞ ተርኩላቸው። መንገዱ ለእነርሱም ተከፍቷልና።