ሦስተኛው በር

ክረምት ላይ ልጄ «ዴርቶጋዳ»ን ከመደርደሪያዬ አውርዳ በአራት ቀን ጨረሰችው። በ2001 ዓ.ም. እንደወጣ ደሴ የገዛሁት ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ተውሶ ስላነበበው ሽፋኑ በፕላስተር ተጣብቋል። «አባዬ፣ ቀጣዩስ?» አለችኝ። ይስማዕከ ወርቁ «ራማቶሓራ»ንና «ዣንቶዣራ»ን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስላስከተላቸው እኛ ብዙ አልጠበቅንም። እሷማ ሁለቱንም ከጎረቤት አገኘቻቸው። ሦስቱንም ስትጨርስ ግን አኩርፋ፣ «አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንደ ጸሐፊው ነው አልኳት። የሃሪ ፖተር ደራሲ የመጀመሪያዎቹን አራት መጻሕፍት ከ1997 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ አንድ አንድ አወጣች፤ አምስተኛው ሦስት ዓመት አስጠበቀ። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ደራሲ ጆርጅ ማርቲን አምስተኛውን በ2011 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ አንባቢው ስድስተኛውን እየጠበቀ ነው። የእኛው ብርሃኑ ዘሪሁንም ከወሎው ረሃብ ተነስቶ እስከ አብዮቱ ማግሥት የተጓዘበትን «ማዕበል» ለመጨረስ ሦስት ቅጽ አስፈልጎታል።

እኔን የሚገርመኝ ቶልኪን ነው። «የቀለበቶቹ ጌታ»ን በ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1949 ጨረሰው፤ የታተመው በ1954 እና በ1955 ነው። ሰውየው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ የሚጽፈው ከሥራው በተረፈችው ሰዓት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ልጁ ክሪስቶፈር ደቡብ አፍሪካ የአየር ኃይል ሥልጠና ላይ ሳለ ምዕራፎቹን በፖስታ ይልክለት ነበር። አባትየው በ1973 ሲሞት ሌላው ትልቅ ሥራው አላለቀም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ለኅትመት ያበቃው ያው ልጁ ነው።

ይህን ስነግራት ልጄ ዝም አለች። ሁለታችንም ስለ ማን እንደምናስብ አውቀናል።

እናቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጆቼ ገና ትንንሽ ሳሉ ከሐይቅ ሥር ስላለች፣ ሰባት በር ስላላት ከተማ ተረት ጀመረችላቸው። ራሷ የፈጠረችው ነው፤ እኔ በልጅነቴ አልሰማሁትም (ትንሽ ቀናሁ)። በየእሑዱ በሚኒባስ ሐረጎን እንወርዳለን፣ ቡና ይፈላል፣ ተረቱ ይቀጥላል። አንድ በር ለመክፈት አንዳንዴ ስድስት ወር ይፈጃል፤ እናቴ በረኛውን፣ የበረኛውን በቅሎ፣ የበቅሎውን የቀድሞ ባለቤት ሳትነግር አታልፍም። ሁለተኛው በር እንደተከፈተ ነው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰው። ሁላችንም ተበታተንን። ስንመለስ ቤቱ ነበረ፤ ተረቱ ግን አልነበረም። ልጆቹ ሲጠይቋት «ረሳሁት» ትላቸው ነበር። እንዳልረሳችው አውቃለሁ።

እኔ ደግሞ አጠፋሁ። ከቶልኪኑ ወሬ በኋላ በነበረው እሑድ ስልኬን ፊቷ አስቀምጬ፣ «እማዬ፣ እስኪ እስከ ሰባተኛው በር ጨርሺውና ልቅዳው» አልኳት። ስልኩን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ሞቼ እንዳይቀርብህ ነው?»

የምመልሰው አጣሁ። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እውነቱም እሱ ነበር። ጀበናውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን ቶናም በረካም አልጠጣንም።

ለሳምንታት ስለ ተረቱ ማንም አላነሳም። ልጄ ግን በራሷ ጊዜ ደብተር ገዝታ ከሁለቱ በሮች የምታስታውሰውን መጻፍ ጀመረች። ባለፈው እሑድ ይዛው ወርዳ አያቷ አጠገብ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች። ሦስት ገጽ ያህል እንደሄደች እናቴ አቋረጠቻት።

«ሆዴ፣ በቅሎዋ ዳማ ናት፤ ነጭ ማን አለሽ?»

ልጄ ሰረዘችና «ዳማ» ብላ ጻፈች። እናቴ የበቅሎዋን ኮርቻ አስተካከለች፣ ከዚያ የበረኛውን ስም፣ ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት እጇን ወደ ሦስተኛው በር መዝጊያ ላከች። በረካው ተቀድቶ ቀዘቀዘ። በሩ ገርበብ እንዳለ «የዛሬው በቃ» አለች።

ሐረጎን ስንወጣ ልጄ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። በዚህ አካሄድ ሰባተኛው በር መቼ እንደሚደርስ በልቤ ማስላት ጀምሬ ተውኩት።