አንድ ምልክት፣ ብዙ ንባብ፦ የሩጫ ሰዓትና የፕሮግራም ቋንቋዎች የስሌት ምልክቶች

በቆጂ ተወልዶ ላደገ ሰው 26:17.53 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ማብራሪያ አያሻውም። የከተማችን ልጅ ቀነኒሳ በቀለ ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. በብራስልስ 10 ሺህ ሜትርን የሮጠበት ሰዓት ነው። ሁለቱ ነጥቦች ደቂቃን ከሰከንድ፣ አንዷ ነጥብ ደግሞ ሰከንድን ከሽርፍራፊው ይለያሉ። ለማስተርስ ጥናቴ የሩጫ ሰዓቶችን በተለያዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች ሳሰላ ግን ይህ ግልጽነት የጽሕፈቱ ሳይሆን የአንባቢው መሆኑን ተረዳሁ።

26:17 በአር ቋንቋ ከ26 እየቀነሱ እስከ 17 የሚወርዱ 10 ቁጥሮች ማለት ነው። በማትላብ ይኸው ምልክት፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተጨመረ፣ ወደ ላይ ብቻ ስለሚቆጥር ውጤቱ ባዶ ዝርዝር ይሆናል። ያምል የተባለው የመረጃ አጻጻፍ በ1.1 እትሙ በ60 እያባዛ 1577 ብሎ ያነበዋል፤ በሰከንድ ሲታሰብ ትክክል ነው። ፓይተን ደግሞ የአጻጻፍ ስሕተት ነው ብሎ ሥራውን ያቆማል።

ለተመራማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የሚጮኽ ስሕተት ይታረማልና። የሚያሰጋው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ሦስት ምሳሌዎችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የማካፈል ምልክት ነው። 1577/60 በሲና በጃቫ 26 ይሰጣል፤ ተካፋዩም አካፋዩም ድፍን ቁጥር ስለሆኑ ትርፉ ይጣላል። በአርና በጃቫስክሪፕት ወደ 26.28 ይጠጋል፤ ይህም 26 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ማለት አይደለም። ፓይተን ራሱ በእትም 2 የመጀመሪያውን፣ በእትም 3 ሁለተኛውን ንባብ ይከተላል። ቀነኒሳ በ1996 ዓ.ም. በኦስትራቫ የሮጠው 26:20.31 እና የብራስልሱ ሰዓት በሙሉ ሰከንድ ተይዘው በጃቫ እንዲህ ቢካፈሉ ሁለቱም 26 ይሆናሉ፤ አዲሱ ክብረ ወሰን ከአሮጌው የሚለይበት 2.78 ሰከንድ ከስሌቱ ይሰወራል።

ሁለተኛው ቀሪን የሚሰጠው % ነው። አንድ ሯጭ የመጨረሻውን ዙር በ25:17 ጀምሮ በ26:10 ቢፈጽም፣ የሰከንዶቹ ልዩነት -7 ነው። በፓይተን -7 % 60 ትክክለኛውን 53 ሲሰጥ፣ በሲ፣ በጃቫና በጃቫስክሪፕት -7 ሆኖ ይቀራል። ቀሪው በፓይተን የአካፋዩን፣ በሌሎቹ የተካፋዩን ምልክት ይከተላል።

ሦስተኛው ^ ነው። 60^2 በአር 3600 ሲሆን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሉት ሰከንዶች ቁጥር ነው። በፓይተን፣ በሲና በጃቫ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ቢት በቢት አነጻጽሮ 62 ይሰጣል።

የዚህ ሁሉ አንዱ ምክንያት የምልክት ጥበት ነው። አስኪ የተባለው የኮድ ሥርዓት ክፍት ቦታን ጨምሮ የያዛቸው የሚታተሙ ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች 95 ብቻ ናቸው። ቋንቋዎቹ ከእነዚሁ ጥቂቶች ተሻምተዋል። ነገሩ ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም፤ «ዶ/ር» የሚለውን አይቶ «ዶ»ን ለ«ር» የሚያካፍል የለም። ሰው ንባቡን ከዐውዱ ያገኛል፤ ማሽን የሚያነበው ግን የቋንቋው ደንብና የቁጥሩ ዓይነት ያዘዙትን ብቻ ነው።

ስለዚህ ምልክትን በመልኩ ማወቅ በቂ አይደለም። ምን ዓይነት ቁጥር ይቀበላል? ከሌሎች ምልክቶች ይቀድማል ወይስ ይከተላል? አሉታዊ ቁጥር ሲገጥመው ምን ያደርጋል? እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ አንድ ሰዓት መፈተን ይቻላል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። በጥናታችን የአሠራር ክፍልም የቋንቋውን ስም ብቻ ሳይሆን እትሙን ጭምር እንጻፍ። አለዚያ ስሌታችንን ሊደግም የሚነሣ ሌላ ተመራማሪ፣ ያንኑ መስመር ቀድቶ ሌላ ውጤት ሊያገኝ ይችላል፤ ከሁለታችን ማን እንደተሳሳተም የሚነግረው አያገኝም።