አሁን የማን አገር ነው?

እናቴ ልትጠይቀኝ ፍራንክፈርት የመጣችው በ2010 ዓ.ም ክረምት፣ ሐምሌ በባተ በሳምንቱ ነው። ሻንጣዋ ሲከፈት የበርበሬውና የሽሮው ሽታ ኮሪደሩን አልፎ ደረጃው ድረስ ወረደ። ስለ ቅቤው ዝም ብል ይሻላል፤ የጉምሩክ ሰው አያነብም አይባልም። የዚያኑ ዕለት ማታ መሳቢያ ውስጥ የነበረ አሮጌ ስልኬን አውጥቼ፣ በኔ ውል ሥር ተጨማሪ ሲም ካርድ አስገብቼ ሰጠኋት። እንዴት እንደሚከፈት ላሳያት ስጀምር ሳቀችብኝ። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ላይ አስተምራ ጨርሳታለች። ፌስቡክን ከኔ በላይ ነው የምታውቀው።

«ይቆጥራል?» አለችኝ፣ ስልኩን እያገላበጠች።

«አይቆጥርም እማዬ፤ እንደፈለግሽ ተጠቀሚ።»

ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ያ ሐምሌ ምን ዓይነት ሐምሌ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። በወሩ መባቻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስመራ ገቡ፣ በማግስቱ ከኤርትራ ጋር የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ፣ ሃያ ዓመት የተዘጋው የስልክ መስመር ተከፈተ። ሰው ያገኘውን የአስመራ ቁጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራ፣ ያለቅስ ነበር። ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ ከቦሌ ወደ አስመራ ተነሣ። ከዚያማ ስልኩ ሁሉ ቪዲዮ ሆነ። እልልታ፣ አበባ፣ ተቃቅፈው መላቀቅ ያቃታቸው ሰዎች። እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች። እኔ ደስታው ደስ ብሏት የምታይ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰው ነው የምትፈልገው።

ካዛንችስ ሳለን በግቢያችን አንድ ጎን ያለው አጥር ቆርቆሮ ነበር። ከቆርቆሮው ወዲያ አደይ ነበሩ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ልጆቻቸው «አደይ» ስለሚሏቸው እኛም አደይ አልናቸው። ቡናቸው ዝንጅብል ይገባበታል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያ የዝንጅብል ሽታ በቆርቆሮው ስንጥቅ ሾልኮ ሲመጣ፣ እማዬ እጇ ላይ ያለውን ሥራ ጥላ ነጠላዋን ታነሣለች፤ መጥሪያው እሱ ነበር። እኔም ሕምባሻ ይደርሰኛል ብዬ እከተላለሁ። አደይ ሲስቁ አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር ያደርጋሉ፤ ሲሄዱም እንደዚያው ናቸው፣ አንድ ትከሻቸው የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ይመስላል።

በ1990 ክረምት፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በተነሣ ሰሞን፣ ሰዎች በጠዋት መጥተው ወሰዷቸው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው ትንሽ ነው፤ ዝናቡን፣ የመኪናውን ሞተር አለመጥፋት፣ አደይ በቆርቆሮው ቀዳዳ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ለእማዬ ሲያቀብሏት። ስድስት ስኒ ነው። «ስመለስ እወስዳቸዋለሁ» አሉ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። እማዬ እነዚያን ስኒዎች ሃያ ዓመት ቁም ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠች፤ ለእንግዳም፣ ለበዓልም፣ ለለቅሶም አላወጣቻቸውም። ፎጣው ሲያረጅ ፎጣ ትቀይራለች እንጂ።

ከመጀመሪያው በረራ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ወደ ጄኔቭ ተነሣን። የአክስቴ ልጅ እዚያ ትኖራለች። እማዬ ደግሞ የራሷ ምክንያት ነበራት፤ ጃንሆይ የጮኹበትን ከተማ ማየት ትፈልጋለች። አባቷ ማይጨው የዘመቱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ነውና። ከ2009 ዓ.ም ሰኔ ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ስልክ ይዞ መዞር እንደ ቤት ሆኖ ነበር። ሮሚንግ የሚባለው ተጨማሪ ክፍያ ቀረ። ፓሪስም ሄድኩ፣ ሮምም ሄድኩ፣ ስልኬን ዞር ብዬ አላየሁትም። ሰው ደግሞ ከተመቸው ይረሳል። ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል አይደለችም። አንዳንዱ ውል ያጠቃልላታል፤ የኛው አያጠቃልላትም። ድንበሩ ላይ ፓስፖርት የጠየቀን የለም፣ ባቡሩ እንኳ ፍጥነቱን የቀነሰ አልመሰለኝም። ድንበር ማለፋችንን ያወቀው ስልኩ ብቻ ነው።

እኔም አውቄ ነበር፤ ለራሴ። ባዝል ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው መልእክት ሲደርሰኝ የራሴን ስልክ ሮሚንግ ቀጭ አድርጌ ዘጋሁ። ኩራትም ቢጤ ተሰማኝ። የእማዬ ስልክ ትዝ አላለኝም።

እስከ ባዝል የጀርመኑ ባቡር ዋይፋይ ነበረው። ከዚያ የተሳፈርንበት አልነበረውም። ስልኩ ግን ይህን ለእማዬ አልነገራትም፤ ዋይፋዩን ለቆ ኔትወርኩን ያዘ፣ ቪዲዮውም ሳይቋረጥ ቀጠለ። ለሷ ያው ስልክ፣ ያው ቪዲዮ ነው። አንዷን ቪዲዮ ደግማ ደጋግማ ትከፍታለች። አንዱ ሲያልቅ ደግሞ ፌስቡክ ሳይጠየቅ ቀጣዩን ያጫውታል። ከሥር ከሥር ደግሞ የቤተሰቡ ዋትስአፕ ግሩፕ አለ፤ እህቴ የላከችው የሰርግ ቪዲዮ፣ ያጎቴ ልጅ የላከው ስብከት፣ ማንም ሳይከፍተው እየወረደ ይጠራቀማል።

ባቡሩ ሐይቅ ዳር ይዞ ሲሄድ ስልኩን ወደኔ ዘረጋችው። «ይኼ ምን ይላል? በነሱ ቋንቋ ነው።»

እኔ በመስኮቱ ሐይቁን ቪዲዮ እያነሣሁ ነበር። «ቆይ እማዬ፣ ማስታወቂያ ነው» አልኳት። ሳላነብ።

ጄኔቭ ደርሰን ከሐይቁ 140 ሜትር ወደ ላይ የሚፈናጠረውን ውኃ አየን፤ «በከንቱ?» አለች፤ ሌላ አስተያየት አልሰጠችም። ከዚያ ወደ መንግሥታቱ ድርጅት ሕንጻ ሄድን። ፊት ለፊቱ አደባባይ ላይ አሥራ ሁለት ሜትር የሚሆን አንድ እግሩ የተሰበረ የእንጨት ወንበር ቆሟል፤ ፈንጂ እግራቸውን ለወሰደባቸው ሰዎች መታሰቢያ ነው። እማዬ ቀና ብላ ብዙ አየችው። የጃንሆይን ነገር የማውቀውን ነገርኳት፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም በዚህ ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ እንደተናገሩ፣ ሊጀምሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት እንዳወኳቸው፣ እሳቸው ዝም ብለው እንደጠበቁ። «ፉጨቱን አባባም ይነግረን ነበር» አለች። «እሱ በኋላ ነው የሰማው፤ የሚነግረን ግን እዚያው እንደነበረ ሰው ነው።» ነጠላዋን አስተካከለችና ስልኩን አወጣች። «ቪዲዮው እንቢ አለኝ። እንደገና ጽሑፍ መጣ።»

«ኔትወርክ ነው እማዬ፤ አሁን ይመጣል።»

ሁለተኛ ጊዜዬ ነው።

ማታ በአክስቴ ልጅ ቤት፣ እራት ተበልቶ ቡና ሲቆላ ነው ስልኩን አንሥቼ ያነበብኩት። የመጀመሪያው መልእክት ከወሰኑ 80 በመቶው እንዳለቀ ያስጠነቅቃል። ሁለተኛው እንደተዘጋ ይናገራል። ደግነቱ የአውሮፓ ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከኅብረቱ ውጪ ሲሄዱም የኢንተርኔቱ ሂሳብ 50 ዩሮ ሲሞላ፣ ደንበኛው ቀጥል ካላለ በስተቀር መስመሩ እንዲቆረጥ ያዛል። የጀርመን ግብር ሲጨመርበት 59 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ያ ሕግ ባይኖር ምን ሊመጣ እንደሚችል ሳስበው ዛሬም ያልበኛል። ያኔ ግን ማመስገን አልመጣልኝም፤ ጮህኩባት። በአክስቴ ልጅ ፊት፣ በልጆቹ ፊት።

«ይሄ እኮ ገንዘብ ነው! አንዱን ቪዲዮ ስንት ጊዜ ነው የምታዪው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡናው ብቻ ምጣዱ ላይ ይንጣጣል።

«አይቆጥርም ብለኸኝ» አለች፣ ቀስ ብላ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ነጠላዋን ገልጣ መቀነቷን ስትፈታ አየኋት። ከቋጠሮው ውስጥ ጥፍር እስክታክል የታጠፈች ወረቀት ወጣች፤ ስትዘረጋት ሃምሳ ዩሮ ነች። አዲስ አበባ ላይ መንዝራ ለክፉ ቀን ይዛት የመጣች። «ስንት ነው ያልከው? ስልሳ? አሥሩን ኋላ እሰጥሃለሁ።»

አልተቀበልኩም። አለመቀበሌም አልረዳኝም።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የአክስቴ ልጅ ጠጋ ብላ ነገረችኝ። እማዬ ማድ ቤት ሳለች አጫውታታለች። በአንዱ ቪዲዮ ውስጥ፣ አስመራ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሚያለቅሱት ሰዎች ጀርባ ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ ለአንድ አፍታ ያልፋሉ። ፊታቸው አይታይም። እማዬ አካሄዳቸውን ነው ያየችው።

ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። በቤቱ ዋይፋይ ያንን ቪዲዮ ፈልጌ ስልኩ ላይ አወረድኩት፤ ፌስቡክ ላይ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ መጎተቱ ይቀራል። ከዚያ መጀመሪያ ቀን ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ሮሚንጉን ዘጋሁ። የፌስቡክን ራስ በራስ ማጫወት አጠፋሁ። ዋትስአፕ ላይ ሦስት መስመር አለ፤ በሞባይል ዳታ፣ በዋይፋይ፣ በሮሚንግ ጊዜ ምን ይውረድ የሚል። ሦስተኛውን ባዶ አደረግሁት፣ ከመጀመሪያውም ቪዲዮን አነሣሁ። የዩቲዩብን ጥራት ዝቅ አደረግሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው አንድ ሰዓት ፊልም በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፣ በመደበኛው ግን እስከ 1 ጊጋ ነው። መዳፍ በሚያህል ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያይ ዓይን ያለው እሱ ይክፈል። ፎቶ ወደ ላይ የሚጭነውንና አፕ የሚያድሰውንም በዋይፋይ ብቻ አልኩት። አዲስ አበባ ያለች እህቴ ብታየኝ ትስቅ ነበር። እሷ የሌሊት ፓኬጅ ጠብቃ የምታወርድ፣ ፊልም ከጓደኛዋ ስልክ በዜንደር የምትቀበል፣ ከቤት ስትወጣ ዳታዋን እንደ መብራት የምታጠፋ ልጅ ናት። ቁጠባውን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ የተመቸኝ።

በማግስቱ ስንመለስ እማዬ ስልኩን አጥፍታ መቀነቷ ውስጥ ሻጠችው። ተቀይማኝ አልነበረም፤ ብትቀየመኝ ይሻል ነበር። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ግን ትጠይቀኛለች።

«አሁን የማን አገር ነው?»

«የስዊስ።»

ትንሽ ቆይታ፣ «አሁንስ?»

«አሁንም የስዊስ።»

ባዝል ላይ ነገሩ ተወሳሰበ። ከተማዋ ከራይን ማዶ ሌላ ጣቢያ አላት፤ መሬቱ የስዊስ፣ ጣቢያው የጀርመን ነው። ይህን ሳስረዳት በጥርጣሬ አየችኝ። «መሬቱ የነሱ ከሆነ የነሱ ነው» አለች፤ ስልኩንም አላወጣችውም። ጀርመን ከገባን በኋላም አላመነችኝም። ፍራይቡርግ ደርሰን በድምጽ ማጉያው ጀርመንኛ ሲነገር፣ ጎናችን የተቀመጠችውን ልጅ ጭምር በምልክት ጠይቃ፣ ያን ጊዜ ነው ያበራችው።

ያወረድኩትን ቪዲዮ ከፈትኩላት። ከእንባውና ከእልልታው ጀርባ ሴትዮዋ አለፉ፤ ነጠላ፣ ጥቁር ቦርሳ፣ ወደ ግራ ሰበር ያለ አንገት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ አስቆመችው። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የዝንጅብል ሽታ የሸተተኝ መሰለኝ።

«እሳቸው ናቸው?» አልኳት።

«አላውቅም።» መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች። «ይሄ አሁን ይቆጥራል?»

«አይቆጥርም። ስልኩ ላይ ነው ያለው። መቶ ጊዜ ብታዪውም አይቆጥርም።»

በቀደም የነገርኳት ቃል ነውና ፊቴን አጥንታ አየችኝ።

«እንግዲያው ድገመው» አለች።