የጓሳ ቀበሮና የደጃችን ውሻ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እኛ አስተማሪዎች ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋር ወደ ጓሳ ወጣን። ጓሳ ያለው በመንዝ ጌራ ምድር ነው። ከፍታው ከ3 ሺህ 200 ሜትር ይበልጣል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን ከሚሆነው ከጓሳ ሣር ነው። የመንዝ አባቶች ሣሩን ለዓመታት እየከለሉ፣ ሲደርስ ብቻ እያጨዱ አቆዩት።

የሽማግሌው ውሻ ይከተለናል። ስሙ አንበሳ ነው።

ሜዳው ላይ የጭላዳ መንጋ ሣር ይነጫል። በመካከላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ እያለ ይሄዳል። ጭላዳዎቹ አልደነገጡም። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥና ፍልፈል ነው።

ድንገት አንበሳ ጮኸና ሮጠ። ጭላዳዎቹ በአንድ ጊዜ ወደ ገደሉ ሸሹ። ቀበሮውም ተሰወረ። ሽማግሌው ውሻቸውን ጠርተው በገመድ አሰሩት።

«አባባ፣ ጥሩ ጠባቂ አይደለም እንዴ?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ለበጎቼማ ጥሩ ነው። ለቀበሮው የምፈራው ግን ንክሻውን ብቻ አይደለም፤ በሽታውንም ነው» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። በአገራችን ያሉትም ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ፣ በባሌ ተራሮች ወብ በሚባለው ሸለቆ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ገባ። በሽታው ከውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተላለፈ። ከየአራቱ ቀበሮ ሦስቱ ያህል አለቁ።

ይኸው በሽታ ሰውም ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለዚህ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ወደ ጓሳ ስትወጡም ቤት አስቀሩት።

ማታ ሽማግሌው ቤት ደረስን። ከሣጥናቸው የአንበሳን የክትባት ወረቀት አወጡ። ወደ እሳቱ ብርሃን ጠጋ ብለው፣ ቀኑን ራሳቸው ቀስ እያሉ አነበቡት። ዓመቱ አልፎታል።

«ለካ ወረቀቱ ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር! ነገ ጠዋት ይዤው እወርዳለሁ» አሉ።

እናንተስ? የውሻችሁ ክትባት መቼ ነበር?