ከመርፌው በኋላ

ሐምሌ 9፣ ቡሬ
ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ረፋዱ ላይ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ጓደኛቸውን ደግፈው መጡ። «አራት ቀን ሆነው፤ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ይነስረዋል» አለኝ ታላቅየው። የታችኛውን የዐይኑን ቆብ ገልበጥ ሳደርገው ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች አየሁ። በደበሎው ስፌት ውስጥ ቅማል አለ። ላቦራቶሪ ደሙን በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ በቀይ የደም ሴሎቹ መካከል ጥምዝምዝ ያሉ ቀጫጭን ባክቴሪያዎች ተገኙ። ግርሻ ነው።

ፔኒሲሊን ወጋሁት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያንዘፈዝፈው ጀመር፤ ትኩሳቱም ሽቅብ ወጣ። «ሲስተር፣ መርፌው ሊገድለው ነው እንዴ?» አለ ታናሽየው። «የምንጠብቀው ነው፤ ከጎኑ አልለይም» አልኩት። ግሉኮስ ሰቀልኩለት። ወደ ማታ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሊነሳ ሲል አስተኝቼ ሽንቱን እዚያው አልጋው ላይ ተቀበልኩለት።

ሐምሌ 10
ዛሬ አጥሚት ጠጣ። ጓደኞቹ የትናንቱን ምክንያት ጠየቁኝ።

ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን ሲያጠፋ፣ ነጭ የደም ሴሎች ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 የሚባሉ የብግነት ኬሚካሎችን በብዛት ወደ ደም ይለቃሉ። ሰውነት ተህዋሲን የሚዋጋው በእነዚሁ ነው፤ ባንዴ ሲበዙ ግን ራሱን ባለቤቱን ይጎዳሉ። መጀመሪያ ብርድና ትኩሳት ይመጣል። ቀጥሎ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይላላል፣ የደሙ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ ግፊት ይወርዳል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ድንገት ከቆመ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። አንድ ሌሊት ተኝቶ መጠበቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ሐምሌ 11
ይህን እውቀት ዓለም ያገኘው በአብዛኛው ከእኛው አገር በሽተኞች መሆኑን ለጀማሪ ነርሶች ሁሉ እነግራለሁ። የእነዚህ ኬሚካሎች መጠን በግርሻ በሽተኞች ደም ውስጥ ተለክቶ ውጤቱ የታተመው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚያከሽፍ፣ ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ሰጥተው ሞከሩ። ካልተሰጣቸው 29 በሽተኞች 26ቱ ሲንዘፈዘፉ፣ ከተሰጣቸው 20 መካከል ይህ የደረሰባቸው 10 ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ እኛ ጤና ጣቢያ የለም፤ መረዳቱ ግን አለ፤ በሽተኛን አስተኝቶ ማደር ገንዘብ አይጠይቅም።

ሐምሌ 14፣ ፍኖተ ሰላም
ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ስናገር ጠንከር አድርጌ ያነሳሁት ልብሱን ነው። ግርሻ በዋናነት የሚተላለፈው ቅማሉ ሲደፈጠጥ ፈሳሹ በተቧጨረ ቆዳ ስለሚገባ ነው። ስለዚህ በጥፍር መግደል ይቅር፤ ልብሱ ይቀቀል። «ደበሎስ?» አለች አንዷ። ቆዳ ቢቀቀል ይበላሻል፤ በላስቲክ በደንብ ታስሮ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ግን ቅማሉ የሚጠባው ደም አጥቶ ያልቃል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት፣ በክረምት ብርድ፣ ተማሪው ምን ይለብሳል? ቅያሪ ጋቢና ሸማ የሌለውን ልጅ ንጽሕናህን ጠብቅ ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። ጎጃም ቅኔ አዋቂዎቹን የሚያገኘው ከእነዚህ ልጆች ነው። በየደብሩ ያለው የሰንበቴ ማኅበር ለአንድ ጉባኤ ቤት ቅያሪ ልብስ ቢያዋጣ፣ ከማንኛውም መርፌ ቀድሞ ይደርስላቸዋል።